ለጉባኤ የማይነበብ

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለአልጋነሽ፣ በደካ ለምትገኙ ምዕመናን በሙሉ፣ በተለይም ለሽማግሌያችን ለጋሽ ከፈለኝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ጉባኤው ስለ ትምህርቴ ለጠየቀው፣ የዕብራይስጡ ትምህርት በመልካም ሁኔታ እየሄደ ነው። ፊደሉን ጨርሰን ወደ ግሥ ገብተናል። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ከፊደሉ ሥርና አናት ያሉት ነጥቦች ደግሞ ድምፅ ይሰጡታል። መምህራችን አቶ ፍቃዱ ትጉህ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ምን እንደምሠራ ለጠየቃችሁኝ፣ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። ሥራ አያሳፍርምና አልከፋኝም። በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወንድማችሁ ሳሙኤል

*

እትዬ፣

ይህቺ ታጥፋ የገባችው ወረቀት ያንቺ ብቻ ናት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቆመሽ የምታነቢላቸው የላይኛውን ነው። ይህቺን አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪያት።

እንድትጠግኚልኝ የላክሁት ሹራብ ምን ምን ይሸታል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ጠጅ ነው። አልጠጣሁም! ምግብ ቤት ያልኩት ጠጅ ቤት ነው፤ ዕቃ ያልኩትም ብርሌ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቤተ ክርስቲያናችን ለመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጁ ትከፍላለች፣ ኮሌጁ አልጋ ይሰጠኛል፣ ሆዴን የሚጠይቀው ግን የለም። ካፌውም ሱቁም «ሙሉ ቀን ካልሆነ» እያለ መለሰኝ። ጠዋት ተማሪ መሆኔን ሰምተው «ግድ የለም፣ ከሰዓት ና» ያሉኝ እትዬ በዛወርቅ ብቻ ናቸው። ጠጅ ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው። እኔ ጓሮ የማጠቢያው ውኃ በርሜል ሥር ነኝ፤ ከፊት ለፊት የሚገባ ሰው አያየኝም። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሬ ነው የምፈትገው። አሁን ፆም ነውና ቀለል ብሎልኛል። ፋሲካ ሲውል ምን እንደምሆን አላውቅም።

«በመልካም ሁኔታ» ያልኩትንም እንዳታምኚ። አቶ ፍቃዱ «ዕብራይስጥ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ ነው፣ አይከብዳችሁም» ይሉናል። ዘመድ ከሆነ ምነው እንዲህ ያንገላታኛል? ደግሞ እኔ አማርኛንም የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ የእናታችን ቋንቋ ካፊኖኖ ነው። ስለዚህ ለኔ የዘመድ ዘመድ መሆኑ ነው፣ ለቅሶ ላይ ብቻ የምንገናኝ። የግሡን ሠንጠረዥ በወረቀት ጽፌ በርሜሉ ላይ ለጥፌ እያጠብኩ እሸመድዳለሁ። ትናንት ውኃ ተረጨበትና ነጥቦቹ ሁሉ ፈሰሱ። ነጥብ የሌለው ዕብራይስጥ ማንበብ የሚችሉት አዋቂዎች ናቸው አሉ። እኔ ባለ ነጥቡም አልገባኝ!

አትቆጪኝ። ለጋሽ ከፈለኝም አትንገሪ። ቆጮው ደርሶኛል፤ ለአልጋ ጎረቤቶቼ አካፈልኳቸው፣ እንደ ገና በዓል ነው የበሉት።

ሳሚ

* * *

ደካ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳሙዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ፈለቀም ደህና ነው፤ ሰሞኑን ዛፍ ላይ ነው የሚውለው፣ ባሌን የማገኘው ለእራት ብቻ ሆኗል። ዘንድሮ ጫካው አብቦ ነበርና ማሩ ጥሩ ነው፣ ነጭ ነው። ወረቀትህን አቃጥያታለሁ።

አዝናለሁ እንጂ ምንም አልጠቀመም። ጠጅ ቤት መሥራቴን ለጉባኤው ማን ነገራቸው ብለህ ቦንጋ በሚመላለሰው ሾፌር የላክህብኝን ጥያቄ ልመልስልህ፤ አቶ ውባየሁ ነው። ለመሬት ጉዳይ ቦንጋ ወርዶ አይቶህ ነው የመጣው። ጉባኤው ፊት ተነሥቶ «ልጃችንን ጠጅ ቤት ብርሌ ይዞ አየሁት» አለ። እኔም ዝም ማለት አቃተኝና «አንተስ ምን ልትሠራ ገብተህ?» አልኩት። በመንገድ ሳልፍ ነው አለ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጓሮ ያለውን እንዴት ያያል ብዬ ልቀጥል ስል ጋሽ ከፈለኝ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

እሳቸው ያሉትን ሁሉ አልጽፍልህም። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ልጁ ተርቦ ነው፣ እኛም አላወቅንም፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። ከዚያ ውሳኔ ሆነ። እያንዳንዱ ቤት ከአሥራቱ በላይ ማር ይጨምራል። ነጋዴው አዲሱ እንደ ሁልጊዜው በአይሱዙው ወስዶ ይሸጠዋል፣ ብሩ በቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ በኩል ለምግብህ ለኮሌጁ ይላካል፣ አንተም ብርሌ ማጠብ ትተህ ትማራለህ። ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ። እትዬ አብርሆት እንኳ፣ ያቺ ጥርስ የሌላት፣ አንድ ባልዲ እሰጣለሁ ብላለች። እኔና ፈለቀ ደግሞ የኛን አንጨምርም ወይ? የባልዲያችን ክዳን እንዳይፈታ ያሰርኩት በድሮ ዩኒፎርምህ ቁራጭ ነው፤ ሰማያዊ ሸሚዝህ ታወሰችህ? ለልጁ ትምህርት የሚሄድ ማር በልጁ የትምህርት ልብስ ይታሰር ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

አሁን ቁም ነገሩን ስማኝ። ጉባኤው ለሚመጣው ዓመት የድጋፍ ደብዳቤህን የሚጽፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ያለዚያ ደብዳቤ ኮሌጁ እንደማይቀበልህ ከኔ በላይ ታውቃለህ። እስከዚያ ጠጅ ቤቱን ትተህ ካልተገኘህ አይጻፍም ተብሏል። ስለዚህ ተወው። ስለ ምግብ ለጠየቅከኝ፣ ብሩ እስኪደርስ ታገሥ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ያሳደግሁህ ለዚህ ነው፣ ለብርሌ አይደለም።

እህትህ አልጋነሽ

* * *

ቦንጋ፣ ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደዳችሁ ምዕመናን፣

ስለ ፍቅራችሁና ስለ ማሩ ስጦታ እጅግ አመሰግናለሁ። ፈተናችን ሰኔ 15 ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በርትቼ እያጠናሁ ነው። ሌላ በደብዳቤ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። ሰላም ሁኑ።

ሳሙኤል

*

እትዬ፣

ሥራውን ተውክ ወይ ብለሽ ሁለቴ ልከሽብኛል። አልተውኩም። ለምን እንዳልተውኩ ስነግርሽ ቁጭ በይ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ወደ ጓሮ ማር ገባ። እትዬ በዛወርቅ «ና አውርድ» ብለው ጠሩኝ፤ ከአይሱዙ ላይ ባልዲ እያወረድኩ ነበር። አንዱ ባልዲ ክዳኑ በሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁን አየሁት። ኪሱ ላይ እኔ በስክሪብቶ ያፈሰስኩት ቀለም እንኳ አለበት። ያንቺ ባልዲ ነው፣ እትዬ! ከጎኑ የእትዬ አብርሆት፣ ከዚያ የሌላው፣ የሌላው። የደካ ጉባኤ በሙሉ ጓሮ ውስጥ ተደርድሯል። ነጋዴውን አዲሱን «ማሩን እዚህ ነው እንዴ የምትሸጠው?» አልኩት። «ታዲያ የት ነው? ሁልጊዜም እዚህ ነው፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰውየው አልዋሸም። እናንተ ሰጣችሁ፣ እሱ ሸጠ።

እሺ፣ ይሁን ብዬ እንዳልፈው ደግሞ የመጣውን ስሚ። ማሩ በዝቶ ረከሰ። እትዬ በዛወርቅ ጋን ጨመሩ። ጠጁ ደርሶ ሲቀዳ ዋጋውን ቀነሱ። ዋጋው ሲቀንስ ቦንጋ ግልብጥ ብላ ገባች፤ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የመሬት ቢሮው፣ ገበያተኛው፣ ሌላው ቀርቶ ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው። እናንተ እኔን ከጠጅ ቤት ለማውጣት ማር በጨመራችሁ ቁጥር እኔ የማጥበው ብርሌ ይጨምራል! በፊት እንኳ በርሜል ሥር ተቀምጬ ግሥ አረባ ነበር፤ አሁን ወረቀት ለማየት ቀና ማለት የለም። እትዬ በዛወርቅማ «በረከት ይዘህ መጣህ» እያሉ ይመርቁኛል።

ብሩስ? ብሩ ቢሮ ነው። ስሄድ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። ሂደት አይበላም።

የመጀመሪያው ፈተና ወረቀት ተመልሶልኛል። አቶ ፍቃዱ አናቱ ላይ በቀይ «ሳሙኤል፣ ምን ሆነሃል?» ብለው ጽፈዋል። ምን ሆኜ ብዬ ልመልስላቸው? ቤተ ክርስቲያኔ በጣም ወድዳኝ ነው ልበል?

ተናድጃለሁ፣ እትዬ። በናንተ ይሁን በራሴ አላውቅም። ጥዬ ወጥቼ ረሃቤን ልቻል ብዬ ነበር፤ ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ ክፍል ውስጥ ፊደሉ ይደንስብኝ ጀመር፣ ተመለስኩ። ለጋሽ ከፈለኝ ብትነግሪያቸው ልባቸው ይሰበራል፤ ባትነግሪያቸው በመጪው ወር ሌላ አይሱዙ ይመጣል። የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ማሰብ ደክሞኛል፤ እጄም በውኃ ተሰነጣጥቆ እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል።

ሰማያዊዋን ጨርቅ ፈትቼ ወስጃታለሁ። ሽቦው ጫፍ ላይ አስሬያታለሁ። በጣም ጥሩ ታጥባለች።

ሳሚ

* * *

ደካ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳሙዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህን ሰው ስታይ አትደንግጥ። ፖስታውን አይከፍቱትም፤ እሳቸውን ታውቃቸዋለህ።

ይቅርታ አድርግልኝ። ልነግርህ የምፈልገውን ከኋላ ከማስቀር ልጀምርበት። አነበብኩት። የላይኛውን ሳይሆን ያንተንና የኔን። እሑድ ዕለት እንደልማዴ ቆምኩ፣ «ስለ ፍቅራችሁ አመሰግናለሁ» የምትለውን ጀመርኩ፣ እትዬ አብርሆት ከፊት ተቀምጣ በድድዋ ትስቅልኛለች፣ ማሯ ያስተማረህ መስሏት። አልቻልኩም። ሌላኛውን ከጉያዬ አወጣሁና ከ«እትዬ» እስከ «ታጥባለች» ድረስ አነበብኩላቸው። ስለ ረሃቡ ስደርስ ወረቀቱን ለፈለቀ አቀበልኩት፣ ተነሥቶ ቀሪውን እሱ ጨረሰው። ፈለቀ እንዴት እንደሚያነብ ታውቃለህ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቀፎ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ ማንም ያልሰማው የለም።

አንዱ «አዲሱ አታለለን!» ብሎ ተነሣ። ሌላው ተከተለ። አቶ ውባየሁም «እኔ መጀመሪያም ብያለሁ» አለ። ይሄኔ እትዬ አብርሆት በተቀመጠችበት «እና ማራችን ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነበር? ወደ ክሊኒክ?» አለች። «በዚህ አገር ማር ተሸጦ ጠጅ ካልሆነ ምን ይሆናል? አባቴም ያውቅ ነበር፣ እናንተም ታውቃላችሁ። አለመጠየቃችን ነው።» እኔም ሳስበው፣ አውቅ ነበር ሳሙዬ። ባልዲውን ሳስር ነጋዴ ማሩን ለማን እንደሚሸጥ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። መጠየቅ አልፈለግኩም ይሆናል።

ጋሽ ከፈለኝ ጸሎት አድርገው ጉባኤውን አሰናበቱ። ሰኞ ቤታቸው ሄድኩ፣ የድጋፉ ነገር እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱን ተይው፤ ፈተናው መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ «ጠጅ ቤቱስ በየት በኩል ነው?» አሉ። ዛሬ ጎማ ቦት ጫማቸውን አድርገው ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጡ አየሁ። ሊያወጡህ ይሁን፣ ሊገሥጹህ፣ እትዬ በዛወርቅን ሊያናግሩ፣ አላውቅም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መንገድ ላይ ቢታ ገነት ከተማ ሳያድሩ አይቀርም።

ምናልባት ትምህርትህን ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ። እንደዚያ ከሆነ ና፣ እዚህ ፈለቀ የሚያወጣው ቀፎ አያልቅም። ግን ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ማንበብ በቃኝ። አንዱን ለጉባኤ አንዱን ለምድጃ፤ ሰለቸኝ።

አልጋነሽ

* * *

ቦንጋ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልጋነሽ፣ ለጋሽ ከፈለኝ፣ በደካ ለምትገኙ ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ? ጋሽ ከፈለኝ በደህና መግባታቸውን ሰማሁ። ስለ እጃቸው መልእክት ልካችሁብኝ ነበር፤ ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፣ ቀጥዬ የምጽፈው ስለሱም ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከበርሜሉ ሥር ሆኜ ቀና ስል ጋሽ ከፈለኝ የጓሮው በር ላይ ቆመው አየሁ። ቦት ጫማቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በሕይወታቸው የጠጅ ቤት በር አልፈው አያውቁም፤ እግራቸው ደፉ ላይ እንዴት እንዳመነታ አይቻለሁ። ልሸሽ ነበር። የት ልሽሽ? በእጄ ብርሌ አለ፣ ከኋላዬ ግድግዳ።

ገቡ። የእትዬን ደብዳቤ ሰጡኝ። ጉንጬን ሳሙኝና «ፈተናህ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ። ስምንት ሰዓት አልኩ። የገበያ ቀን ስለነበር በርሜሉ ዙሪያ ያልታጠበው ተቆልሏል። እትዬ በዛወርቅ «ይህን ጨርሰህ ሂድ» ብለውኝ ነበር፤ ያንን ስጨርስ ደግሞ ስምንት ሰዓት እንደሚያልፍ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ጋሽ ከፈለኝ ኮታቸውን አወለቁ፣ ሚስማር ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «ሂድና መጽሐፍህን ተመልከት» አሉኝ። ተቃወምኩ። «ጋሼ፣ እርሶ እዚህ ቢታዩ ምን ይባላል!» አልኩ። «አንተስ ስትታይ ምን ተባለ? ሂድ ብያለሁ።» ሽቦውን ከእጄ ወሰዱ። ሰማያዊዋን ጨርቅ አዩና በጣታቸው ዳሰሷት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ እትዬ በዛወርቅ ናቸው፣ እኔ አልነበርኩም። ጋሽ ከፈለኝ መጀመሪያ አንድ ሰበሩ፣ መዳፋቸውም በዚያ ነው የተቆረጠው። እትዬ በዛወርቅ «የሰበሩትን ከማን ደሞዝ ልቁረጥ?» ቢሏቸው «ከጉባኤው» አሏቸው። ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንድ ሰው ከፊት ለፊት ጠጥቶ ለሽንት ወደ ጓሮ ወጣ። አቶ ውባየሁ ነበሩ። አሁንም ለመሬት ጉዳይ መጥተው ነው። ጋሽ ከፈለኝ ከበርሜሉ ሥር ብርሌ ይዘው ቀና አሉ። ሁለቱ ተያዩ። አቶ ውባየሁ «እርሶ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አሉ። ጋሽ ከፈለኝ «እኔማ አጥባለሁ። አንተስ በመንገድ እያለፍክ ነው?» አሏቸው። እትዬ በዛወርቅ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል። አቶ ውባየሁ፣ አሁን ይህ ሲነበብ እዚያው ተቀምጠው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርሶም ስለኔ ሲናገሩ እኔ አልነበርኩም።

ወደ ፈተናው ልምጣ። ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው።

ወደቅሁ።

ንባቡን አነበብኩ፣ ግሡ ላይ ተደናበርኩ፣ ትርጉሙ ላይ ጊዜ አለቀብኝ። ሙሉ ሰዓቱን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ሽማግሌያችን አሁን ስንተኛውን ሰብረው ይሆን? እሳቸው ሥራዬን ወስደውልኝ፣ እናንተ ማራችሁን ሰጥታችሁ፣ እኔ ወደቅሁ። ከዚህ የሚብስ ንዴት አላውቅም። ማንንም ልወቅስ አልችልም፤ የሚወቀስ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አቶ ፍቃዱ መስከረም ላይ ድጋሚ መፈተን እንደምችል ነግረውኛል፣ ግን ለዚያ የሚመጣው ዓመት ድጋፍ ያስፈልገኛል።

ጋሽ ከፈለኝን ሲሳፈሩ ስለ ድጋፉ ጠይቄያቸው ነበር። «ውጤቱ ምንም ይሁን ራስህ ለጉባኤው ጻፍ። ጉባኤው ሰምቶ ይወስን። ያየሁትን እኔ እናገራለሁ፣ ያንተን ግን አንተ ተናገር» አሉኝ። ስለዚህ እየተናገርኩ ነው። የምማረው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የእትዬ በዛወርቅን ብርሌ አጥባለሁ፣ አልጠጣም፣ ሥራውን አልተውኩም። የቢሮው ብር እስከ ዛሬ አልደረሰም። ቢደርስ ሥራውን እተዋለሁ፤ እስኪደርስ ግን መብላት አለብኝ። ዕብራይስጥ ከብዶኛል፤ «በመልካም ሁኔታ» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነበር። መማር ግን እፈልጋለሁ። የሚገባኝ ቀን አለ፤ በርሜሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ራሱን ከፍቶ የገባኝ ቀን ደስታዬን የምነግረው አጥቼ ለእትዬ በዛወርቅ ተርጉሜላቸዋለሁ። ድገም ካላችሁኝ እደግማለሁ። ና ካላችሁኝ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አላኮርፍም።

ማሩን በተመለከተ የምላችሁ የለኝም። የት እንደሚሄድ አሁን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን እንደምታደርጉበት እናንተ ታውቃላችሁ።

እትዬ፣ ይህን እንደልማድሽ ቆመሽ አንብቢው። ፖስታውን ብታራግፊው ሌላ ወረቀት አይወድቅም።

ሳሙኤል